ለፔጆ 404 ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ይገጠም ወይ?

ጥያቄው፦ «ጎንደር ነው የምኖረው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ካርቡራተር ያላት አሮጌ ፔጆ 404 አለችኝ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ትታፈናለች፤ አንዳንዴም ቀጥ ትላለች። ለሠርግ ስትጠራ አጀቡ ውስጥ ቀስ እያለች ስትሄድም እንዲሁ ታደርገኛለች። ሩብ ሰዓት ቆማ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች። ሳምንታት ቆማ ከከረመች ደግሞ ባትሪው እስኪደክም ሞተሪኖ ማዞር ነው። አንድ ጋራዥ የድሮውን ፓምፕ ሳይነካ፣ ከኢንጀክሽን ኮሮላ የወጣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ኮፈን ሥር ልጨምርልህ አለኝ። ልስማው?»

ምላሽ፦

ጋሼ፣ ፓምፑ ይገጠም። የኮሮላው ግን አይሁን፤ ቦታውም ኮፈን ሥር አይደለም። መልሴ ትንሽ ይረዝማል፤ የነገሩን ችግር አንድ ሳይሆን ሦስት ነውና፤ ፓምፑም ሦስቱን እኩል አያድንም።

ቀላሉን እናስቀድም። መኪናዋ ሳምንታት ስትቆም የካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር የሚያደባልቀው ዕቃ) ገንዳ ውስጥ ያለው ቤንዚን ተንኖ ያልቃል፤ መስመሩ ውስጥ ያለውም ቀስ እያለ ወደ ሰልባትዮው (ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው) ይመለሳል። የድሮው ፓምፕ የሚሠራው ካምሻፍቱ በዞረ ቁጥር እየገፋው ስለሆነ፣ በሞተሪኖ ዙር ብቻ ከኋላ ድረስ ስቦ እስኪያመጣ ጊዜ ይፈጅበታል። ባትሪዎን የሚጨርሰው ይኸ ነው። የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ግን ሞተሩ ሳይዞር ገንዳውን ይሞላል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ተክ ተክ ይላል፤ ገንዳው ሲሞላ ድምፁ እየዘገየ ይሄዳል፤ ያኔ ሞተሪኖውን ነካ ቢያደርጉት ትነሳለች። ፓምፑ ለሌላ ምንም ባይጠቅም ለዚህ ብቻ ዋጋውን ያወጣል ባይ ነኝ።

ዳገቱ ላይ የሚያፍናት ሌላ ነገር ነው። የ404 ሰልባትዮ ያለው ከኋላ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ ፊት ሞተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ረጅሙ መስመር በሙሉ የሚሠራው በመሳብ ነው። እየተሳበ የሚመጣ ቤንዚን ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ ነው፤ ግፊቱ ያነሰ ፈሳሽ ደግሞ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ያለው የአየር ግፊት 0.78 ባር አካባቢ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 1.01 ነበር። ከዚህ ላይ ፓምፑ ሲስብ የሚቀንሰው አለ። ሞተሩ አጠገብ የሚያልፈው ቱቦ ሲግል ቤንዚኑ ገና መስመሩ ውስጥ እያለ እንፋሎት ይሆናል። የድሮው ፓምፕ የሚሠራው በሜምብራና (በሚለጠጥ ስስ ሽፋን) ነው፤ እንዲህ ያለ ፓምፕ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም፤ እየጨመቀና እየለቀቀ በባዶ ይለፋል። ገንዳው ይጎድላል፣ ሞተሩ ይታፈናል።

አሁን የኤሌክትሪኩን ፓምፕ ሰልባትዮው አጠገብ አድርገው በ0.2 ባር ወደ ፊት ይግፋ እንበል። 0.78 እና 0.2 ሲደመር 0.98 ነው። ከፓምፑ ጀምሮ እስከ ካርቡራተሩ ያለው ቤንዚን፣ ምጽዋ ወደብ ላይ ቢሆን ከሚያገኘው የአየር ግፊት ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም ማለት ነው። የረዳት ፓምፕ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቤንዚን ስለሚያመጣ ሳይሆን፣ ይሳብ የነበረውን መስመር የሚገፋ መስመር ስለሚያደርገው ነው። ኮፈን ሥር ከተገጠመ ግን ይኸ ጥቅም ገደል ገባ። እንደ አሮጌው ከሩቅ ሳቢ ይሆናል፤ እነዚህ ፓምፖች ደግሞ በመግፋት እንጂ በመሳብ ሰነፎች ናቸው፤ በዚያ ላይ ከሙቀቱ መሐል ማስቀመጥ አለ።

ሊማሊሞን ከዛሪማ በኩል በሁለተኛ ማርሽ የወጣ ሰው ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ከቆላው ሙቀት ተነስቶ፣ ነፋስ ሳያገኝ፣ በየጠመዝማዛው የአየሩ ግፊት እየቀነሰበት ነው የሚወጣው። ሾፌሮች ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ የሚጠቀልሉትም ለዚሁ ነው። ይሠራልም፤ ጨርቁ እስኪደርቅ።

የሠርጉ ጉዳይ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ ፓምፕ ገዝተው በኋላ «ምንም አልተሻላትም» እንዳይሉኝ አሁኑኑ ልናገር። የካርቡራተሩ ገንዳ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው፤ ከውጭው አየር ጋር የተገናኘ ነው። የፓምፑ ግፊት፣ ገንዳው ሲሞላ መግቢያውን የምትዘጋው መርፌ ቫልቭ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ገንዳው ውስጥ የሚፈላውን ቤንዚን የሚያረጋጋ ፓምፕ የለም። ፈልቶ ወደ ማኒፎልዱ (ወደ ሞተሩ መግቢያ ቧንቧ) ይንጠባጠባል፤ ሞተሩ የሚሞተው ጠግቦ እንጂ ተርቦ አይደለም። ልዩነቱን አፍንጫ ይለየዋል። መስመሩ ከሆነ ሽታ የለም፤ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይጠፋል። ገንዳው ከሆነ ቤንዚኑ ይሸታል፤ ለማስነሳትም የቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠው ይዘው ካልሆነ እሺ አትልም፤ ስትነሳ ጥቁር ጭስ ትተፋለች።

ለዚህኛው መፍትሔው ሙቀቱን መከልከል ነው። በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መሐል የምትገባው ወፍራም ሙቀት መከላከያ ቦታዋ ላይ መኖሯን ይዩ። ካርቡራተር የፈታ ሁሉ እሷን አውጥቶ በስስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ብቻ መግጠም ይወዳል። 404 ላይ ደግሞ እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ቬንቲላተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ነው። የዚህች መኪና ቬንቲላተር ዝም ብሎ ከቺንጋው ጋር የሚዞር አይደለም፤ ሞተሩ ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት ይያያዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ኤሌክትሪኩን ወደ ማግኔቱ የምታሻግረው ትንሿ ካርቦን ካለቀች ወይም የሙቀት ስዊቹ ከሞተ ቬንቲላተሩ ልል ሆኖ ይቀራል፤ ዞረ ይባል እንጂ አየር አይስብም። መንገድ ላይ ነፋሱ ስለሚያበርዳት አያስታውቅም፤ በሠርግ አጀብ ፍጥነት ግን ኮፈኑ ሥር ምድጃ ይሆናል። ሞተሩ ሲሞቅ ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ሲይዝ ይሰማል፤ ካልሰማችሁ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኝቶ መሞከር ነው። ያኔ ከያዘ ስዊቹን ይቀይሩ፤ ካልያዘ ካርቦኗን ይዩ። ይኸ ከማንኛውም ፓምፕ ይረክሳል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ደግሞ ችግሩ በእርግጥ ነዳጅ መሆኑን ያረጋግጡ። በሚቀጥለው ዳገት ላይ ቀጥ ስትል ቁልፉን ያጥፉ፣ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ያንሱና የካርቡራተሩን ጉሮሮ እያዩ የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በእጅዎ ይግፉት። ሲጋራ አጠገብዎ አይኑር። ከትንሿ ቱቦ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከተረጨ ገንዳው ውስጥ ቤንዚን አለ፤ መስመሩን በከንቱ እየጠረጠርነው ነበር ማለት ነው። ደረቅ ከሆነ ገንዳው ባዶ ነው፤ ጥርጣሬያችን ልክ ነው። ይህችን ሙከራ የማስጨንቅበት ምክንያት አለኝ። ሲግል የሚደክም ቦቢና ወይም ኮንደንሰር (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያመነጩ ዕቃዎች) እርስዎ የጻፉትን ምልክት ቃል በቃል ያሳያል፦ ዳገት ላይ ይሞታል፣ ሩብ ሰዓት ቀዝቅዞ ይነሳል። የብልጭታ ችግር ይዘው ፓምፕ ላይ ፓምፕ የሚቀያይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እዚያው ቆማ እያለች የሰልባትዮውን ክዳንም ይክፈቱት። ፍስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከገባ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ፓምፑ ቤንዚን ሲስብ በምትኩ የሚገባ አየር አጥቷል። ጥገናው አንድ መርፌና ትንሽ ቤንዚን ነው። ከሰልባትዮው እስከ ፓምፑ ያሉትን አጫጭር የጎማ ቱቦዎችም በጣት ይጫኗቸው። የተሰነጠቀ ቱቦ በሚገፋ መስመር ላይ ቢሆን ያንጠባጥባል፣ ያስታውቃል፤ በሚሳብ መስመር ላይ ግን አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ጠብታ ስለማያሳይ ዓይን አይገባም።

ጋራዥ ሲሄዱ የጠርሙሱን ሙከራ ያሠሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ወደ ካርቡራተሩ የሚገባው ቱቦ ይፈታና በመስመር የተለካ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩ ገንዳው ውስጥ በቀረው ቤንዚን ግማሽ ደቂቃ በሚኒሞ (የቤንዚን መስጫው ሳይረገጥ) ይሥራ። ሩብ ሊትር ከሞላ አሮጌው ፓምፕ ደኅና ነው። የ404 ሞተር እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሲሠራ እንኳ በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ነው የሚበላው፤ በደቂቃ ሲሰላ ከሲሶ ሊትር ብዙም አያልፍም። ከዚህ የሚያስተውሉት፣ ትልቅ ፓምፕ ምንም እንደማይጨምርልዎት ነው።

ወደ ኮሮላው ፓምፕ እንምጣ። የኢንጀክሽን (ካርቡራተር የሌለው፣ ቤንዚን በግፊት የሚረጭበት) ሞተር ፓምፕ 3 ባር አካባቢ ይገፋል። የእርስዎ ካርቡራተር የሚፈልገው ከ0.15 እስከ 0.25 ባር ነው፤ ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚዘጋው ተንሳፋፊው መርፌዋን ወደ ላይ የሚገፋበት ጉልበት ብቻ ነው፤ 3 ባር ሲመጣበት ተንሳፋፊው አቅም የለውም። ቤንዚኑ በመተንፈሻው ተርፎ ይወጣና በጋለው ሞተር ላይ ይፈሳል። ቀሪውን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በዚያ ላይ ይኸ ፓምፕ ሰልባትዮ ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ፣ በቤንዚኑ እየቀዘቀዘ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ ውጭ በደረቁ ከሠራ ዕድሜው አጭር ነው። «ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) እጨምርለታለሁ» ይሉዎት ይሆናል። ለካርቡራተር የተሠራ ቀላል ሬጉሌተር የዚህን ያህል ግፊት እንዲይዝ አልተሠራም። በነፃ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ።

የሚፈልጉት 12 ቮልት የሆነ፣ ለካርቡራተር የተሠራ፣ ግፊቱ ከ2.5 እስከ 3.5 ፒኤስአይ የሚል ፓምፕ ነው፤ በባር ከ0.17 እስከ 0.24 መሆኑ ነው። ፋሴት የሚባለው አራት ማዕዘን ዓይነት በዓለም ዙሪያ ባሉ አሮጌ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው፤ አስመስለው የተሠሩትም ሞልተዋል። ከ4 እስከ 7 የሚል ከሆነ ለትልልቅ የአሜሪካ ሞተሮች ነው፤ ያለ ሬጉሌተር አይሆንም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ደግሞ እንደ ወንጌል አይመኑት። ካርቡራተሩ መግቢያ ላይ ጌጅ አሰክተው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ያንብቡ፤ ከ0.25 ባር ካለፈ ሬጉሌተር ይግባ።

ሲገዙ አንድ ነገር እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሞክሩ፦ ፓምፑ አዲስና ደረቅ እያለ መግቢያውን ነፋ ያድርጉት። ሳይሠራም አየር የሚያሳልፍ መሆን አለበት። አንዳንድ የሚሽከረከሩ ዓይነቶች ሲጠፉ መንገዱን ይዘጋሉ፤ እንደዚያ ያለውን ለረዳትነት ቢገጥሙት አሮጌው ፓምፕ ብቻውን በሚሠራበት ጊዜ በእሱ በኩል መሳብ ያቅተዋል።

ቦታው ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ ሰልባትዮው አጠገብ ነው፤ ከሰልባትዮው ወለል ጋር እኩል ወይም ዝቅ ብሎ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ የማያገኘው ጥግ። ሻንጣው ውስጥ አያስገቡት፤ ቢያፈስ ጢሱ ተሳፋሪው ጋ ነው የሚገባው። ከፓምፑ በፊት ፊልትሮ የግድ ነው፤ የአሮጌ ሰልባትዮ ዝገት ቫልቮቹ ላይ ከተቀመጠ ፓምፑ ያለማቋረጥ ተክተክ እያለ ምንም አይገፋም። ቀስቱ ወደ ሞተሩ ያመለክት፤ በጎማ ላይ ይቀመጥ፣ ካልሆነ ድምፁ በሰውነቷ ሁሉ ያስተጋባል። ቱቦው የቤንዚን ቱቦ ይሁን፣ በፋሸታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ይጠበቅ። የውኃ ቱቦ በሽቦ አስሮ መስጠት ከተማችን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ቤንዚን ግን ያንን ጎማ ያላሽቀዋል፤ አሁን ደግሞ መስመሩ የሚገፋ ስለሆነ ቀዳዳው አየር አያስገባም፣ ቤንዚን ይረጫል እንጂ።

አሮጌውን ሳይነካ መተው ስለሚለው ምክር፦ ይሆናል፤ ጋራዡ በዚህ አልተሳሳተም። የሁለቱም ቫልቮች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚከፈቱ ቤንዚኑ በአሮጌው ውስጥ ያልፋል። ያልነገሩዎት የሜምብራናውን ነገር ነው። የሜምብራናው አንድ ገጽ ቤንዚን ነው፣ ሌላው ገጽ ወደ ሞተሩ ዘይት የሚያይ ነው። ሜምብራናው ሲቀደድ አሮጌው ፓምፕ ብቻውን ቢሆን መሳብ ያቅተዋል፣ መኪናዋ ትቆማለች፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ከኋላ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካለ ግን መኪናዋ አትቆምም፤ እየሄደች ቤንዚን ወደ ዘይቱ ትቀዳለች።

እንዲህ የሆነ ቮልስዋገን እጄ ገብቶ ያውቃል። ባለቤቱ «ዘይት አትበላም፤ እንዲያውም ትጨምራለች» እያለ ደስ ብሎት ነበር። የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ከላይኛው መስመር አልፏል፤ በጣቶቼ መሐል ሳሸው እንደ ውኃ ቀጥኗል፤ ሽታው ንጹሕ ቤንዚን ነበር። ዘይቱን በሰፊ ሳህን አውጥቼ ከደጅ ርቄ አስቀመጥኩት። እንደዚያ ያለ ዘይት ቡሽኖቹን ይበላል፤ ካርተሩ (የሞተሩ ዘይት ገንዳ) ውስጥ የሚጠራቀመው የቤንዚን ጢስ ደግሞ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል።

ስለዚህ ምርጫዎ ሁለት ነው። አሮጌውን የሚያስቀሩት ከሆነ አዲስ ሜምብራና ያስገቡለት፣ የዘይት መለኪያውንም በየጊዜው አውጥተው ያሽትቱት። ሜምብራናው ካልተገኘ አሮጌውን አውጥቶ ቦታውን በላሜራና በጓርኒሲዮን መዝጋት ነው፤ ያኔ የኤሌክትሪኩ ረዳት ሳይሆን ዋና ይሆናል። እኔ ለእርስዎ የምመርጠው የፊተኛውን ነው። አሮጌው ሁልጊዜ ይሥራ፣ የኤሌክትሪኩን እርስዎ ሲፈልጉ ብቻ በስዊች ያብሩት፦ ጠዋት ገንዳውን ለመሙላት፣ ከአዘዞ ዳገቱን ሲጀምሩ፣ ሊማሊሞ ላይ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ቤትዎ ያደርስዎታል።

ሽቦው ላይ አልደራደርም። መኪና ተጋጭታ ሞተሩ ሲጠፋ የድሮው ፓምፕ አብሮ ይቆማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ በተቆረጠ ቱቦ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ የፓምፑን ኤሌክትሪክ ከቁልፉ በኋላ ካለው መስመር ይውሰዱ፣ 5 አምፔር ፊውዝ ይግባበት፤ ፓምፑ ራሱ የሚወስደው ከ2 አምፔር አይበልጥም። ከዚያ አምስት እግር ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ይፈልጉ፤ ቁጥሮቹ እግሮቹ ላይ የተጻፉት ናቸው። 86 ላይ ከቁልፉ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ፣ 85 ላይ ወደ ዘይት ግፊት ስዊቹ የሚሄደውን የማስጠንቀቂያ መብራት ሽቦ ያገናኙ፤ ፊውዙ በእርስዎ ማብሪያ ስዊች በኩል ወደ 30፣ ፓምፑ ወደ 87 ኤ። የዘይት ግፊት ከሌለ ስዊቹ ወደ ሻሲ ያገናኛል፣ ሪሌው ይስብና ፓምፑን ያጠፋል። ሞተሩ ሠርቶ ግፊት ሲመጣ ስዊቹ ይለቃል፣ ፓምፑ ይሠራል። ድክመቱ የስዊቹ ሽቦ ቢበጠስ ፓምፑ ሳይጠፋ መቅረቱ ነው፤ ስለዚህ በግጭት ጊዜ የሚያቋርጥ ስዊች ቢጨምሩበት የተሻለ ነው። ብዙ የፎርድና የላንድሮቨር ኢንጀክሽን መኪኖች ይዘውት ስለሚመጡ ከተፈቱ መኪኖች ይገኛል።

ጠዋት ገንዳውን ለመሙላት ይህን ሪሌ የምታልፍ ሌላ መጫኛ ቁልፍ ታስፈልጋለች፤ ጣት ሲነሳ የምትለቅ ዓይነት ትሁን። ቀጥታ ከፊውዙ ይውሰዷት፤ ገንዳው እንደሞላም ሳይቆዩ ያስነሱ። ሞተሩ ሳይሠራ የመኪናውን ቁልፍ ከፍቶ ብዙ መጠበቅ፣ ፑንቲናዎቹ (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጡትና የሚያገናኙት) ተዘግተው ከቆሙ ቦቢናውን ያግለዋል።

አንድ የቀረኝ አለ። ፓምፑ ተገጥሞ፣ መታፈኑ ጠፍቶ፣ ዳገቱ ላይ ጉልበት አነሳት ካሉ ጥፋቱን ወደ ፓምፑ አይመልሱት። በዚህ ከፍታ ማንኛውም ቱርቦ (አየር መጭመቂያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በዚያ ላይ ካርቡራተሩ የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላዎቹን ፈትተው ጥቁርና ዱቄታም ከሆኑ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለቀዳዳ ብሎን) አንድ ደረጃ ያሳንሱት። ጂግለሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ 130 የሚል ካለ 125 ይሞክሩ። ወደ መተማ ከወረዱ ግን የፊተኛውን መልሰው ይግጠሙ። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ በትንሹ ጂግለር ቤንዚን ያንሳታል፣ ቫልቮቹ ይግላሉ። ጂግለር መቀየር በካቻቢቴ የአሥር ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ትልቁን መኪናዋ ውስጥ በወረቀት ጠቅልለው ይያዙት።